ከማስቀባትዎ በፊት መሳቢያውን ገልብጠው ይዩት

ጥያቄ፦ «ከአንድ አረጋዊ ዘመዴ ሦስት ዕቃ ደረሰኝ። አንዱ ባለ አራት መሳቢያ የገጠር ቁምሳጥን ነው። ሁለተኛው ጀርባው በዘንግ የተሠራ የእንጨት ወንበር ነው። ሦስተኛው የሱፍ ምንጣፍ ነው። ሁሉም የድሮ የእጅ ሥራ ናቸው ተብያለሁ። ጠጋ ብዬ ሳያቸው ግን ችግር በችግር ሆኑብኝ። የመሳቢያዎቹ ማዕዘን ላይ ያሉት ጥርሶች እኩል አይደሉም። በአንዱ መሳቢያ ጀርባ ላይ ሦስት ጭረት አለ። የወንበሩ እግር ክብ አይደለም። የምንጣፉ ሰማያዊ መሃል ላይ ሲደርስ ሌላ ሰማያዊ ይሆናል። ቡናማው ደግሞ ተበልቶ ጎድጉዷል። ጎረቤቴ ‹የጀማሪ ሥራ ነው፤ እንጨቱን አስልጊና ቫርኒሽ አስቀቢው፣ ምንጣፉንም ላውንደሪ ስጪው› አለችኝ። እውነት ሙያ የላቸውም?»

መልስ፦ ጎረቤትዎ ለእርስዎ አስባ ነው። ግን እባክዎ ለጊዜው ማንንም አያስነኩ። ከዘረዘሯቸው አምስት ነገሮች አንዱም የሙያ ጉድለት አይመስለኝም። እንዲያውም ዕቃዎቹን ሳላያቸው «እነዚህ በእጅ የተሠሩ፣ ዕድሜም ያላቸው ናቸው» ብዬ እንድገምት ያደረጉኝ እነሱ ናቸው።

አሮጌ ዕቃ ስናይ ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ፊት ለፊቱ ነው። ፊት ለፊቱ ግን ለእንግዳ የተዘጋጀ ነው። የሠሪው እጅ በደንብ የሚገኘው ሰው ያየዋል ብሎ ባላሰበው ቦታ ነው። ከመሳቢያው ሥር፣ ከወንበሩ መቀመጫ ሥር፣ ከምንጣፉ ጀርባ። እኔ ዕቃ ለጥገና ሲመጣልኝ መጀመሪያ እገለብጠዋለሁ። እርስዎም እንዲያው ያድርጉ።

ከመሳቢያው እንጀምር። አንዱን ሙሉ በሙሉ ያውጡትና ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ያስቀምጡት። የክፍሉን መብራት ያጥፉ። የስልክዎን ባትሪ ያብሩና ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ብርሃኑ በእንጨቱ ላይ እንዲተኛ አድርገው ይያዙት። ለጥ ያለ የመሰለዎት እንጨት ድንገት ሞገድ ያወጣል። ሰፋ ሰፋ ያሉ፣ ጥልቀታቸው ከወረቀት ብዙም የማይበልጥ ቦዮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ምላጩ ትንሽ ጎበጥ ያለ የእጅ መላጊያ የሄደበት መንገድ ነው። ጣትዎን ቀስ ብለው አሻግረው ያሂዱት። ከዓይን ይልቅ ጣት ይሰማዋል። አናጺው ፊት ለፊቱን አልስልሶ ጨርሶታል። እዚህ ሲደርስ ግን «ይበቃል» ብሎ ትቶታል። ጉልበቱን የት እንደሚያውል ያውቃል ማለት ነው።

መላጊያ ያልነካው ቦታ ካለ የመጋዝ ጭረት ይፈልጉ። በእጅ መጋዝ የተሰነጠቀ ጣውላ ቀጥ ያሉ፣ ርቀታቸው የሚዛባ ጭረቶች አሉት። ክብ መጋዝ የሚተወው ጭረት ደግሞ እንደ ቀስት የጎበጠ ነው። ክብ መጋዝ በብዛት የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው (ዘመኑን የምቆጥረው በአውሮፓውያን ነው)። ስለዚህ «የ1700ዎቹ ነው» በተባለ ዕቃ ላይ የጎበጠ ጭረት ካገኙ ነገሩን መጠራጠር ይገባል።

አሁን ወደ ጥርሶቹ። የመሳቢያው ፊትና ጎን ማዕዘን ላይ ሲገናኙ፣ ጣቶቹን እንዳቆላለፈ እጅ ይያያዛሉ። ጥርሱ ወደ ጫፉ ሰፋ እያለ ይሄዳል። መሳቢያውን በየቀኑ ቢጎትቱት እንኳ ፊቱ ከጎኑ አይላቀቅም። ሙጫው ቢያረጅ እንጨቱ ራሱ ይይዘዋል። በማሽን የተቆረጡ ጥርሶች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። በእጅ የተቆረጡት አይመሳሰሉም፤ አንዱ ቀጠን፣ አንዱ ወፈር ይላል። አናጺው እያንዳንዱን በመጋዝ ይቆርጣል፣ በመሮ ያወጣል። አንደኛውን ጣውላ ቆርጦ ሲጨርስ በሌላኛው ላይ ያስደግፍና ዙሪያውን ያሰምራል። ከዚያ መስመሩን ይዞ ሁለተኛውን ይቆርጣል። ለዚህ ነው ጥርሶቹ እርስ በርስ ባይመሳሰሉም እያንዳንዱ ከገዛ ቀዳዳው ጋር ልክ የሚሆነው። ስለዚህ እኩልነታቸውን ይተዉትና መግጠማቸውን ይዩ። ከ100 ዓመት በኋላም የጥፍርዎ ጫፍ የማይገባበት መጋጠሚያ ካገኙ፣ ያ ሰው ጎበዝ ነበር።

ከጥርሶቹ ሥር በጣውላው ላይ የተጫረ ቀጭን መስመርም አይጠፋም። «እስከዚህ ቁረጥ» ብሎ ለራሱ ያሰመረው ነው። አንዳንዴ መጋዙ መስመሩን አንድ ሁለት ሚሊሜትር አልፎ ይገኛል። እኔ ይቺን ትንሽ ማለፍ በጣም ነው የምወዳት። ሰውየው ገና አሁን መጋዙን ያነሳ ይመስለኛል።

የመሳቢያው ወለል ከኋላ በኩል ክፍተት ካለው አይደንግጡ። እንጨት ሲደርቅ ይጠባል፤ እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል። በርዝመቱ የሚለወጠው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የሚለወጠው በወርዱ ነው። ይህን የሚያውቅ አናጺ የመሳቢያውን ወለል በሙጫ አይዘጋውም። በጎኖቹ ላይ ቦይ ቦርቡሮ ያስገባዋል። ከኋላ በኩል ብቻ በአንድ ሁለት ምስማር ይይዘዋል። እንጨቱ ሲጠብ ሳይሰነጠቅ በቦዩ ውስጥ ይንሸራተታል። በድሮ በሮች መሃል የሚገባው ሰፊ ጣውላም እንዲሁ በፍሬሙ ውስጥ ልቅ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ቀለም የተቀባ የድሮ በር ካጋጠመዎት ጣውላውና ፍሬሙ የሚገናኙበትን ጠርዝ ይዩ። ያልተቀባ ቀጭን መስመር ብቅ ብሎ ይሆናል። ከተቀባ በኋላ የጠበበው ያን ያህል ነው።

የወንበሩም እግር ነገር ከዚሁ ይመጣል። እንጨት በወርዱ ሲጠብ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይጠብም። የዛፉን የዕድሜ ቀለበቶች ተከትሎ የሚጠበው፣ ከመሃል ወደ ቅርፊቱ ከሚጠበው በግምት እጥፍ ይሆናል። እርጥብ እያለ ክብ ተደርጎ የተቀረጸ እግር ሲደርቅ ሞላላ የሚሆነው ለዚህ ነው። በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) በሁለት አቅጣጫ ቢለኩት ልዩነቱን ያገኙታል። ክብ የነበረ የድሮ ጠረጴዛም በሜትር ሲለካ በአንድ በኩል ትንሽ አጠር ብሎ ይገኛል። በደንብ ከደረቀ እንጨት የተሠራ አዲስ ቅጂ ግን ክብነቱን እንደያዘ ነው።

ከገለጻዎ ስነሳ ወንበርዎ ከዊንዘር ወንበር ወገን ይመስለኛል። ምልክቱ መቀመጫው ነው። ወፍራም፣ አንድ ወጥ ጣውላ ይሆናል። እግሮቹ ከሥር፣ ዘንጎቹ ከላይ፣ ሁሉም በእሱ ላይ ይሰካሉ። ይህ አሠራር በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ገጠሮች ተስፋፍቶ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻገረ። ሃይ ዊኮም በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ዙሪያ የቢች ዛፍ ጫካ አለ። እግር ቀራጮቹ ዛፉን ወደ ከተማ አያጓጉዙም ነበር። እዚያው ጫካው ውስጥ ዳስ ሠርተው እግር ብቻ ይቀርጻሉ። ማዞሪያቸው አንድ ተጣጣፊ ረጅም እንጨት፣ አንድ ገመድና አንድ መርገጫ ነው። ሲረግጡት ገመዱ እንጨቱን ያዞራል። ሲለቁት ተጣጣፊው እንጨት መልሶ ይጎትተዋል። መሮው የሚቆርጠው ሲረገጥ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ እግር ላይ ጣትዎን ቢያሽከረክሩ ትንንሽ ጉብታና ስርጉድ ይሰማዎታል።

አንድ የእንግሊዝ ዊንዘር ወንበር ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት እንጨት ይገኛል። መቀመጫው ኤልም ነው። ጅማቱ የተጠላለፈ ስለሆነ ዙሪያውን ቢበሳም በቀላሉ አይሰነጠቅም። የጀርባው ቅስት አሽ ወይም ዩው ነው፤ በእንፋሎት ሲሞቅ ሳይሰበር ይታጠፋል። እግሩ ቢች ነው፤ ለመቅረጽ ይመቻል። ተራ የገበሬ ወንበር የሚሉት ይህን ነው። እኔ ግን አንድ ወንበር ላይ ይህን ያህል የታሰበበት የእንጨት ምርጫ ሳይ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ያለቀበትንም ቦታ ይዩ። እግርና እግሩን የሚያያይዘው የፊት አግዳሚ ከላይ በኩል ተበልቷል? ሰዎች እግራቸውን የሚያሳርፉበት ነው። የእጅ መደገፊያው ጫፍ እንደ ሳሙና ለስልሷል? መዳፍ የሚያርፍበት ነው። እውነተኛ ማለቅ ሰውነት በሚነካው ቦታ ብቻ ይሆናል። አስመሳይ ግን ሁሉንም ጠርዝ እኩል ያሻሽዋል፤ ማንም እግሩ የማይደርስበትን ኋላውን ጭምር።

ስለ ምስማርና ቪቴ ባጭሩ ልበል። በአንጥረኛ እጅ የተቀጠቀጠ ምስማር አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ጫፉ ይቀጥናል፤ ራሱም የመዶሻ ምት የተነባበረበት ነው። ክቡ የሽቦ ምስማር የበዛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ከ1840ዎቹ በፊት የተሠራ ቪቴ ደግሞ ጫፉ ደነዝ ነው። ሆኖም አንድ አዲስ ቪቴ ስላገኙ ብቻ ዕቃውን አይጣሉት። ምናልባት አንድ ሰው ማጠፊያ ቀይሮበት ይሆናል።

አሁን «አስልጊና አስቀቢ» ወደተባለው። እዚህ ላይ ልለምንዎት። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን አንድ የገጠር ሣጥን መጣልኝ። ቀለሙ አርጅቶ፣ እዚህም እዚያም ተልጦ ነበር። በኬሚካል አነሳሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ቫርኒሽ ቀባሁት። አብረቀረቀ። ባለቤቱም ደስ አላቸው። በኋላ መጥረጊያ ጨርቄን ሳነሳ የታጠበውን ቀለም አየሁት። ግራጫው ሥር አረንጓዴ ነበር። አረንጓዴው ሥር በእጅ የተሳለ ቀይ አበባ ነበር። የመጀመሪያው ሠዓሊ ሥራ ጨርቁ ላይ ቀርቶ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያን ቀለም የሚመልሰው የለም።

በአሮጌ እንጨት ላይ ያለው ቡናማ ቆዳ ቆሻሻ ብቻ አይደለም። የሰም፣ የብርሃን፣ የእጅ ወዝና የዓመታት ድምር ነው። ሲላግ መላጊያው የሄደበት ሞገድም፣ የተሰመረው መስመርም አብሮ ይሄዳል። ለስላሳ ጨርቅ በጥቂቱ አርጥበው ይወልውሉት፤ ወዲያው በደረቅ ይከተሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ስስ የንብ ሰም ቢቀቡት ይበቃዋል። የተልባ ዘይት አይቀቡት። ይጠቁራል፣ አቧራ ይሰበስባል። ወንበሩ ከተነቃነቀ በዘመናዊ ኮላ አይሙሉት። የድሮው ሙጫ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይለቃል። ስለዚህ ጠጋኙ መጋጠሚያውን ሳይሰብር ፈትቶ መልሶ ሊያጣብቀው ይችላል። ትንንሽ የነቀዝ ቀዳዳ ካዩ ደግሞ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ያንጥፉና ጥቂት ሳምንት ይጠብቁ። ነጣ ያለ አዲስ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ ሳይኖር አይቀርም፤ ባለሙያ ይጥሩ። ካልወረደ ቀዳዳው የድሮ ሊሆን ይችላል።

ወደ ምንጣፉ ልምጣ። እሱንም ይገልብጡት። ንድፉ ከጀርባም ቁልጭ ብሎ ከታየ ጥሩ ምልክት ነው። በእጅ የተቋጠረ ምንጣፍ ላይ እያንዳንዷ የቀለም ነጥብ አንድ ቋጠሮ ናት። ሠሪዋ አጭር ሱፍ ወስዳ በሁለት የድር ክሮች ላይ ትቋጥርና ትቆርጣለች። አንድ ረድፍ ሲሞላ ማጉን ታሳልፍና በማበጠሪያ እየመታች ታጠብቀዋለች። እንደገና ሌላ ረድፍ። ቋጠሮው ሁለት ዋና ዓይነት አለው። አንደኛው ሁለቱንም ድር ይጠመጥማል፤ በቱርክና በካውካሰስ የተለመደ ነው። ሌላው አንዱን ድር ጠምጥሞ በሌላው ሥር ብቻ ያልፋል፤ በኢራን ከተሞች በብዛት ይሠራበታል። ምንጣፉን በቋጠሮው ረድፍ አጥፈው ጸጉሩን ከፈት ቢያደርጉ ክሩ ድሩን እንዴት እንደጠመጠመ ያዩታል።

ዘርፉንም ይዩ። በእጅ ሥራ ዘርፉ የድሩ ጫፍ ነው፤ ከምንጣፉ ውስጥ የወጣ ነው። ለብቻው የተሰፋ ዘርፍ ካዩ ወይ የማሽን ሥራ ነው፣ ወይ የድሮው አልቆ ሌላ ተቀጥሎለታል። ጀርባው የትኛው እንደሆነ ይነግርዎታል። የማሽን ረድፍ እንደ መስመር ደብተር ቀጥ ያለ ነው። የእጅ ረድፍ ትንሽ ይወዛወዛል።

ድካሙን ለመገመት በ10 ሴንቲሜትር ውስጥ በወርድና በቁመት ስንት ቋጠሮ እንዳለ ይቁጠሩ። 40 በ40 ቢሆን 1,600 ነው። በአንድ ሜትር ካሬ 160,000 ይሆናል። አንዲት ጎበዝ ሠራተኛ በቀን እስከ 8,000 ትቋጥራለች ብንል፣ ለአንድ ሜትር ካሬ ብቻ 20 ቀን ይፈጃል። ሱፉን መፍተሉንና መንከሩን ሳንቆጥር ማለት ነው። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የኢራኑ የአርደቢል ምንጣፍ ከ25 ሚሊዮን በላይ ቋጠሮ አለው። በሂጅራ አቆጣጠር 946 የሚል ዓመት ተጽፎበታል፤ በአውሮፓውያን 1539 እና 1540 መካከል ማለት ነው። ይህን ያህል የደቀቀ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የቤተ መንግሥት ሥራ ነው። የእርስዎ የመንደር ምንጣፍ ከሆነ ቋጠሮው ወፈር፣ ንድፉ ማዕዘናዊ ይሆናል። በዚያ አሳንሰው ከመገመት ይልቅ የራሱን ቀለምና ሱፍ ይዩለት። ደግሞ ይህ ጥበብ የትናንት አይደለም። በ1949 በሳይቤሪያ አልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በተባለ ቦታ፣ በበረዶ ከተሞላ መቃብር አንድ ምንጣፍ ወጣ። ዕድሜው ከ2,200 ዓመት በላይ ነው። ቋጠሮው ዛሬ በቱርክ ከሚቋጠረው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ሰማያዊው ለምን ተቀየረ? ለውጡ በአግድም፣ ማጉን ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ክሩ አልቆ ሌላ ተነክሮ ነው። በመንደር ቤት አንድ ድስት የሚይዘው ክር ውስን ነው። ሲያልቅ እንደገና ይነከራል። ሁለተኛው መንከር ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይሆንም፤ በእጅ የተፈተለ ሱፍም ቀለም እኩል አይጠጣም። የሙያው ሰዎች ይህን አብራሽ ይሉታል። ቆም ብለው ከሩቅ ይዩት። አንድ ወጥ ሰማያዊ ቢሆን ሞቶ ይታይ ነበር፤ አብራሽ ያለበት ግን እንደ ውኃ ይንቀሳቀሳል። ለውጡ በቁመት ከሆነ ወይም ቅርጽ የለሽ ከሆነ ግን ፀሐይ ወይም ውኃ የነካው ይሆናል።

የተበላው ቡናማ ደግሞ የቀለሙ ጠባይ ነው። ድሮ ጥቁርና ጥቁር ቡናማ ለማውጣት ታኒን (ቆዳ የሚለፋበት ንጥረ ነገር) ካለው ቅርፊት ወይም ልጣጭ ጋር ብረት ይጨመር ነበር። ብረቱ በዓመታት ውስጥ ሱፉን ያሳሳዋል፣ ያበላሸዋል። ስለዚህ ቡናማው እያለቀ ይሄዳል፤ አጠገቡ ያለው ቀይና ሰማያዊ እንደነበረ ይቆማል። እጅዎን ቢያሳልፉ አበባዎቹ እንደ ቅርጻ ቅርጽ ከፍ ብለው ይሰማሉ። ሠሪዋ ያላሰበችው ነገር ነው፤ ዕድሜ የጨመረበት ነው። ጸጉሩ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል እኩል ካጠረ ግን የአስመሳይ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ቀለሙ ከተክል ነው ወይስ ከፋብሪካ? የመጀመሪያው በሰፊው የተሸጠ ሰው ሠራሽ ቀለም የተገኘው በ1856 ነው። ሰው ሠራሽ ኢንዲጎ ለገበያ የቀረበው በ1897 ነው። ቀደምቶቹ የፋብሪካ ቀለሞች ብዙዎቹ ብርሃን አይችሉም ነበር። ጸጉሩን ከፈት አድርገው ሥሩንና ጫፉን ያነጻጽሩ። ሥሩ ደማቅ ሐምራዊ፣ ጫፉ ግራጫ ከሆነ ከእነዚያ አንዱ ነው። ይህም ቢሆን ምንጣፉን አያስንቀውም። አንዲት የመንደር ሴት አዲስ የመጣውን ቀለም ገዝታ ሞክራዋለች ማለት ነው።

ላውንደሪ ግን በፍጹም። መጀመሪያ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አርጥበው በእያንዳንዱ ቀለም ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይጫኑት። ጨርቁ ከቀላ ውኃ አያስነኩት፤ የድሮ ምንጣፍ የሚያጥብ ባለሙያ ያማክሩ። በቤት ውስጥ በቫኪዩም ሲያጸዱ በጸጉሩ አቅጣጫ ይሂዱ። የሚሽከረከረውን ብሩሽ ያጥፉት፤ ዘርፉንም አያስጠጉት። ብል ጨለማና ያልተነካካ ቦታ ይወዳል፤ ስለዚህ ከቁምሳጥኑ ሥር የገባውን ጫፍ በየጊዜው ገልጠው ይዩ። ሱፉን የሚበላው የሚበርረው ሳይሆን ትሉ ነው። ብርሃንም ይቀንሱለት። የአርደቢሉ ምንጣፍ ቀለሙ እንዲቆይ ሙዚየሙ በየግማሽ ሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ብቻ መብራት እንዲበራለት አድርጓል። እርስዎ መጋረጃ ቢስቡለትና በየዓመቱ ቢያዞሩት ይበቃል።

የቀረው ሦስቱ ጭረት ነው። እኔ ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምወደው ነው። በመሮ የተመቱ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት አጫጭር መስመሮች ከሆኑ የሮማውያን ቁጥር ሦስት ነው። አናጺው እያንዳንዱን መሳቢያ ለገዛ ቦታው እያስተካከለ ነው የሠራው። እንዳይምታታበት ቁጥር መታበት። አሁን አራቱንም አውጥተው ጀርባቸውን ይዩ። አንድ፣ ሁለትና አራት ጭረት ካገኙ መሳቢያዎቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረው የኖሩ ናቸው። አንዱ ቁጥር ከሌለው ጥርሶቹን ከሌሎቹ ጋር ያስተያዩ፤ ምናልባት በኋላ የተተካ ይሆናል። ሦስት ጭረት ያለበት መሳቢያ ደግሞ ሲገባና ሲወጣ የሚያስቸግርዎት ከሆነ የት እንደገባ ይመልከቱ። ከላይ ሦስተኛው ቦታ ላይ ካልሆነ፣ ወይም አንዳንዶች ከሥር ስለሚቆጥሩ ከታች ሦስተኛው ላይ ካልሆነ፣ ወደ ቦታው ይመልሱትና ቀስ ብለው ይግፉት።